ሰባት ጣት ያለው እግር

የቅዱስ ቢያጆ ዕለት ነበር፤ ከጦርነቱ አንድ ዓመት ተኩል በፊት። በሚላኖ የዚያን ቀን ሰው ከገና የተረፈውን ደረቅ ዳቦ ይበላል፤ ጉሮሮን ይጠብቃል ይባላል። እኔም ጠዋት በልቼ ነበር። ግን ጭስ ገብቶብኝ ስስል ዋልኩ።

በቦዩ ዳር ያለችው ትንሿ ቤተ ክርስቲያን ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ለምሳ ትዘጋለች። በዘጠኝ ሰዓት በሩ አልተከፈተም። ልብስ አጣቢዋ እማማ ዛይራ በጎን በር ገቡ። ጮኸው ወጡ።

እኔና ረዳቴ ፖሊስ ሞሪጂ ስንደርስ እሳቱ ጠፍቶ ነበር። ደወል ደዋዩ ኤሊጆ በመሠዊያው ደረጃ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ወድቋል። ግንባሩ በነሐስ መቅረዝ ተፈንክቷል፤ መቅረዙም አጠገቡ አለ። መዳፎቹ ተቃጥለዋል። ትንፋሹ ግን ነበረች። ከበላዩ የነበረው የእመቤታችን ሥዕል፣ በሳንቃ ላይ የተሣለው፣ ከሰል ሆኗል። በኤሊጆ ብብት ሥር ብቻ መዳፍ የምታክል የሥዕሉ ቁራጭ ተርፋለች።

ወለሉ ላይ የታተሙ ወረቀቶች ተበትነዋል። «አሮጌው ይቃጠል! ሞተር ይንገሥ!» ይላሉ። ራሳቸውን ፉቱሪስቶች፣ የመጪው ዘመን ሰዎች የሚሉት ሠዓሊዎች ወረቀት ነው።

«ምርመራው አለቀ፣ አለቃዬ» አለ ሞሪጂ። «ሰዎቹ ስማቸውን ትተው ሄደዋል።»

«እስቲ አንብበው።»

«አነበብኩት።»

«ጽሑፉን አላልኩም። ወረቀቱን።»

አንዱን አነሳና አገላበጠው። የጫማ ተረከዝ አርፎበታል። ሌላው ላይ የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ ተጣብቋል። ሁሉም የተረገጡ ነበሩ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ወለል ግን ተጠርጎ ንጹሕ ነው።

ሞሪጂ ራሱን አከከ። «ቅዳሜ ማታ ቲያትር ቤት ትርኢት ነበራቸው። ሕዝቡ ብርቱካን ወረወረባቸው። እኔ በር ላይ ተመድቤ ነበር። እነሱም ወረቀታቸውን ከመድረክ በተኑት።»

ወረቀቶቹን ሰበሰብኩ።

የደብሩ ንብረት ጠባቂ ሲኞር ሪጋሞንቲ እየሮጡ መጡ። አሮጌ ዕቃ ነጋዴ ናቸው፤ ጥቁር ካባ፣ የተበጠረ ሽበት። ቁራጩን አሳየኋቸው። ተንበርክከው አለቀሱ።

«ራሷ ናት! አራት መቶ ዓመት ጦርነቱን፣ ወረርሽኙን፣ ፈረንሳዩን ሁሉ አልፋ! ባለፈው መኸር በገዛ ገንዘቤ አስጸድቼ ለገና የመለስኳትን! ያ ዱርዬ ሠዓሊ ቴንካ ቅዳሜ ዕለት መድረክ ላይ ቆሞ ‹የቦዩ ዳሯን እመቤት አቃጥላታለሁ› ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ቲያትር ቤቱ ውስጥ ነበሩ?»

«መስማት አለብኝ። የሚጠላንን ማወቅ ደግ ነው።»

ቁራጩን በመሐረቤ ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩ። ጠርዟ መሐረቤ ላይ ተጣበቀ።

በር ላይ እማማ ዛይራ ክንዴን ያዙኝ። እጃቸው በሳሙና ብዛት የተጨማደደ ነው።

«ልጄ፣ ሕፃኑ ተረፈ?»

«የትኛው ሕፃን?»

«በእቅፏ ያለው። እግሩን የሚያወራጨው።»

ቄሱ አባ አንሴልሞ ወደ ጎን ሳቡኝ። «ከገና ወዲህ የመጣ ጣጣ ነው። ሻማ ሲበራ ሕፃኑ እግሩን ያንቀሳቅሳል ይላሉ። መጀመሪያ እኚህ ሴትዮ፣ ቀጥሎ ሰፈሩ፣ አሁንማ ከሌላ ሰፈር በትራም ይመጣሉ። ለሊቀ ጳጳሱ ቢሮ ጻፍኩ። ሐሙስ ሥዕል የሚያውቅ ሰው ሊልኩልኝ ነበር።»

«ደዋዩስ ምን ይላል?»

«ኤሊጆ? መጀመሪያ ይስቅባቸው ነበር። ከጥምቀት በኋላ ግን ከሥዕሉ ሥር ጠፍቶ አያውቅም።»

*

ኦዶ ቴንካን የያዝነው ከመምሸቱ በፊት፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ጓደኞቹ ከሚያዘወትሩት ካፌ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ቀጭን፣ ክራባቱ ቀይ። ስሙን ስጠራ ጠረጴዛው ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበ።

መሪያቸው ቫልቱርኖ ወንበር ላይ ወጣ። «ቴንካ! እኛ አወራን፣ አንተ ሠራኸው! ጌታው ኢንስፔክተር፣ እኔንም ይሰሩኝ። ሐሳቡ የጋራ ነው!»

«በስድስትና በዘጠኝ ሰዓት መካከል የት ነበሩ?»

«ፀጉር አስተካካይ ዘንድ።»

«ሦስት ሰዓት ሙሉ?»

«ጺም ቀልድ አይደለም።»

ሰው ሳቀ። ፀጉር አስተካካዩን ሞሪጂ ጠየቀው፤ እውነት ነበር። በዚያ ላይ ጥፍር ሞራጅም ጨምሯል።

ቴንካ አልሳቀም። እጁን ለካቴና ሲሰጠኝ ጓደኞቹን ተመለከተ። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም እንደዚያ አላጨበጨበለትም፤ ይህን ኋላ ነው ያወቅሁት።

*

በማግስቱ ጠዋት ጣቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት።

«አንተ ነህ ያቃጠልካት?»

«ጮኬ ተናግሬያለሁ። ከተማው ሰምቷል።»

«የጠየቅሁህ ሌላ ነው። ትናንት በምሳ ሰዓት የት ነበርክ?»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ሴት ዘንድ?»

«ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።»

«ስማኝ ልጄ። ደዋዩ ሆስፒታል ነው። ሐኪሙ ነገን አያልፍ ይሆናል ብሏል። ከሞተ ሥዕል ያቃጠለ አትባልም፤ ነፍሰ ገዳይ ነህ። ዕድሜ ልክ ነው።»

ፊቱ ነጣ። «ሚስት አለው?»

«ሚስትና ሁለት ሴት ልጆች።»

አፉ ተከፈተ። ከመንገድ ጩኸት መጣ፤ ጓደኞቹ ጣቢያው ደጃፍ ቆመው «ቴንካ! ቴንካ!» ይላሉ። አፉ ተመልሶ ተዘጋ።

ጎንበስ ሲል በመስኮቱ ብርሃን አንድ ነገር አየሁ። በግራ ቅንድቡ ውስጥ የወርቅ ቅንጣት ያብለጨልጫል፤ እንደ ትንኝ ክንፍ የሳሳ። እንዲህ ያለ ወርቅ የሚለጠፈው በቅዱሳን ሥዕል አክሊል ላይ ነው። ሲለጥፉት ትንፋሽ ያነሣውና ፊት ላይ ያርፋል። ሞተር የሚሥል ሰው ቅንድብ ላይ ምን ይሠራል?

አልጠየቅሁትም። ተዘጋጅቶ እንዲዋሽ አልፈለግሁም።

*

ሲኞር ሪጋሞንቲ ቤታቸው ውስጥ በጥሩ ወይን ተቀበሉኝ። ወይኑን አልጠጣሁም።

«ለደንቡ ያህል ነው፤ ሁሉንም እጠይቃለሁ። ትናንት በምሳ ሰዓት?»

«እዚሁ ነበርኩ። ግቢው ጀርባ ሥራ ክፍል አለኝ። ሰኞ ሰኞ ዕቃ ስመረምር ምሳዬን እዚያ እበላለሁ። ኤርሲሊያን ይጠይቋት።»

ኤርሲሊያ የቤቱ ሠራተኛ ናት፤ ስድሳ ዓመት ያለፋት፣ ወፍራም፣ ቀጥተኛ። ወጥ ቤት ገብቼ አነጋገርኳት።

«ሰባት ሰዓት ላይ የሩዝ ሪዞቶ አደረስኩላቸው። በር አንኳኩቼ ደጃፍ ላይ አኖርኩት።»

«አየሻቸው?»

«ሰኞ በሩ አይከፈትም። ትእዛዝ ነው። ተመልሼ ስመጣ ሳህኑ ባዶ ነበር፤ የተላሰ ይመስላል። ደስ አለኝ። ትናንት ቋሊማው አልቆብኝ በዶሮ ጉበት ነበር የሠራሁት። ጌታዬ ደግሞ ጉበት ሲያዩ አፍንጫቸውን ይይዛሉ።»

«እና በሉት?»

«እኔም ገረመኝ። እርጅና አፍን ይለውጣል አልኩ።»

«ሌላ ሰው እዚያ ክፍል ይገባል?»

«ክፍሉ በቦዩ በኩል ሌላ በር አለው። በዚያ በኩል ማን እንደሚገባ እኔ ምን አውቃለሁ? የኔ በር የወጥ ቤቱ ነው።»

ከቤቱ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድልድዩን ተሻግሬ በእግሬ ለካሁት። አራት ደቂቃ።

*

የቴንካ ክፍል ከአንድ ጋሪ ቤት በላይ ነው። ይበርዳል። ምድጃው ውስጥ አመድ እንኳ የለም። ጥግ ላይ የትርኢቱ ወረቀቶች በሲባጎ ታስረው ተቆልለዋል፤ ንጹሕ፣ አንድም ሰው ያልረገጣቸው።

«የራሱን ወረቀት ሊበትን የፈለገ ሰው ከዚህ ይወስድ ነበር» አልኩ። «ከቲያትር ቤት ወለል የሚለቅመው የራሱ የሌለው ነው።»

ሞሪጂ አልሰማኝም። ሥዕሎቹ ፊት ቆሞ አፉን ከፍቷል።

«አለቃዬ፣ ይህ ፈረስ ስንት እግር አለው?»

«ቁጠረው።»

«አሥራ ስድስት። ይህቺ ብስክሌት የምትነዳዋ ደግሞ አራት ጉልበት አላት። አግብቷት ቢሆን ለካልሲ ብቻ ነበር የሚሠራው።»

«እየሮጠ ነው እኮ ፈረሱ።»

«የኔ አጎት ፈረስም ይሮጥ ነበር። በአራት።»

እኔም ዘመናዊ ሥዕል አይገባኝም። ግን ትንሽ ራቅ ብዬ ቆምኩ፤ ሞሪጂ መጋረጃውን ሲገልጠው ብርሃኑ ተወዛወዘ። ፈረሱ ሄደ። እውነቴን ነው፤ ሸራው ላይ ሄደ።

ያን ጊዜ መሐረቤን ከኪሴ አወጣሁ። ቁራጯ ላይ የሕፃኑ ግራ እግር አለ። ጥላሸቱን በምራቄ ጠረግሁት። ጣቶቹን ቆጠርኩ፤ ሰባት። አምስቱ በደንብ የተቀቡ፣ ሁለቱ ከበስተኋላ በስሱ የሚታዩ።

ጠርዟን አሸተትኩት። አባቴ አናጺ ነበር። እሳት ሲነካው ሙጫ የሚያነባ ጥድ ከተቆረጠ ብዙ ዓመት አልሆነውም። የአራት መቶ ዓመት ሳንቃ መሐረብ ላይ አይጣበቅም።

የተቃጠለችው ቅጂ ነበረች። የሣላትም የዚህ ክፍል ባለቤት።

*

ይህን ይዤ አለቃዬ ዘንድ ቀረብኩ። አለቃዬ ጋዜጣውን አሳየኝ። በጋዜጣው ላይ ቴንካ አስቀድሞ ተፈርዶበታል።

«የሰው ምስክር አምጣ። ሰባት ጣት ይዤ የደብር ንብረት ጠባቂ ቤት አላስፈትሽም። ማን እንዳዘዘው ልጁ ይናገር።»

«አይናገርም።»

«እንግዲያው ዕድሜ ልኩን ዝም ይበል።»

ሆስፒታል ሄድኩ። ኤሊጆ አልነቃም። እጆቹ በፋሻ ተጠቅልለዋል። ሚስቱ አልጋው ሥር ተቀምጣለች። እማማ ዛይራም ነበሩ፤ የታጠበ አንሶላ አምጥተውለታል።

ተመለከትኳቸው። ከዚያ «እማማ፣ ከእኔ ጋር ይምጡ» አልኳቸው።

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። አንድ ሰው ላስተዋውቅዎት ነው።»

*

ቴንካ እሳቸውን ሲያይ ከመቀመጫው ተነሣ። እናት ያሳደገው ልጅ ነው። እሳቸው ግን አልተቀመጡም።

«አንተ ነህ ሕፃኑን ያቃጠልከው?»

«እማማ…»

«ምን አደረገህ? እኛ አሮጊቶች ስለምንመለከተው ነው? እኔ ባሌ ከሞተ ወዲህ አርባ ዓመት ያቺን ሥዕል አይቻታለሁ። ዝም ትላለች። እኔም ሳሙናዬን፣ ወገቤን እነግራታለሁ፤ ዝም። በገና ማግስት ሻማ አበራሁ። ሕፃኑ እግሩን አወራጨ። እንዲህ፣ እናቱን በርግጫ መታት። ልጅ እኮ ነው! የኔው ቱሊዮ እንዲያ ነበር፤ በሁለት ዓመቱ ነው የሞተብኝ። እግሩን ረስቼው ነበር። እዚያው ሆኜ ሳቅሁ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳቅሁ!»

ቴንካ ጠረጴዛውን ያዘ።

«የትኛውን እግር?»

«ግራውን።»

«ወደ ላይ? ወይስ ወደ ጎን?»

«ወደ ላይ ወጥቶ ወደ ጎን። አንተ ምን አገባህ?»

ቁጭ አለ። ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅስ መሰለኝ፤ ቀና ሲል ግን እየሳቀም ነበር።

«ሦስት ጊዜ ሣልኩት» አለ። «እግሩን። ቅጂው እንዳለ እንዲሆን ታዝዤ ነበር። ሁሉንም እንዳለ አደረግሁት፤ እግሩ ላይ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ። ሕፃን እግሩን እንደ ድንጋይ አያስቀምጥም። ሦስቴ ሣልኩና ሁለቱን በስሱ ቀባሁባቸው። ማንም አያይም ብዬ። ሁለት ዓመት አዳራሽ ለአዳራሽ ስዞር፣ ይንቀሳቀሳል ስል፣ ብርቱካን ወረወሩብኝ። አንድ ሰው አላየም።»

«እኔ አየሁ» አሉ እማማ ዛይራ፤ ቁጣቸው ግን ገና አልበረደም።

«ማን አዘዘህ?» አልኩ።

ወደ መስኮቱ ተመለከተ። ከታች «ቴንካ!» ይላሉ።

«ከተናገርኩ እነዚህ ሰዎች… ኢንስፔክተር፣ እኛ እኮ የእመቤት ሥዕል አይተን መንገድ የምንቀይር ነን። ቫልቱርኖ አንዱን የድሮ መልክዓ ምድር ሣለ ብሎ በጥፊ መትቶ አባሮታል። እኔ ሰኞ ሰኞ አክሊል በወርቅ እለብጣለሁ። ሦስት ወር ከዚያች እመቤት ጋር ቆየሁ። ስለወደድኳት ነው መድረክ ላይ አቃጥላታለሁ ብዬ የጮኽኩት። ሰው እንዳያውቅብኝ።»

«ኤሊጆ ሊሞት ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ያቺ ቅጂ ለማን እንደሆነች ተነግሮህ ነበር?»

«ለውጭ ሀገር ሀብታም ተባልኩ። እዚህ ሲነግሩኝ እውነተኛዋ የተቃጠለች መሰለኝ። የኔዋ እዚያ እንደተሰቀለች…» ወደ እማማ ዛይራ ዞረ። «የኔዋ መሆኗን ያወቅሁት አሁን ከእርስዎ ነው።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ሪጋሞንቲ» አለ።

«ሰኞ ምሳ ላይ የት ነበርክ?»

«የእሱ ሥራ ክፍል። እሱ ስድስት ሰዓት አልፎ በቦዩ በር ወጣ፣ ዘጠኝ ሳይሞላ ተመለሰ። የቦዩን በር ከውጭ ቆልፎብኝ ነበር።»

«ምን በላህ?»

«ምን?»

«ምሳ።»

«በወጥ ቤቱ በኩል ደጃፉ ላይ ሳህን ነበር። የእሱ ነው። ሪዞቶ በዶሮ ጉበት። እጅግ ጥሩ ነበር። ከቅዳሜ ጀምሮ አልበላሁም ነበር፤ ይቅርታ።»

ሞሪጂ ጥግ ላይ ሆኖ ጽፎ ጨረሰ። «በሕይወቴ» አለ፤ «ሳህን ልሶ የዳነ ሰው ገና ማየቴ ነው።»

*

እውነተኛዋን እመቤት በሪጋሞንቲ ሥራ ክፍል፣ ከቁም ሣጥን ጀርባ፣ በገለባ ታሽጋ አገኘናት። የሕፃኑ እግር አምስት ጣት ነበረው፤ አይንቀሳቀስም።

ሪጋሞንቲ መጀመሪያ ካዱ። ቁራጯንና መሐረቡን ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጥ ግን ካባቸውን አወለቁ።

«ሐሙስ ሰው ይመጣ ነበር» አሉ። «መሰላል ወጥቶ አንዴ ቢያያት አለቀልኝ። ለዚያ ሁሉ ዘመን ማንም ቀና ብሎ አላያትም፤ አሁን በትራም ይመጣሉ! በአንድ የተረገመ እግር!»

«ኤሊጆንስ?»

«እሱ ምን ሆኖ እንደሆነ እርስዎ ይንገሩኝ። አብሮኝ ነው የተሸከማት! አሮጌዋን አብረን አወረድን፣ አዲሷን አብረን ሰቀልን። የቀለሙ ሽታ እንኳ አልወጣላትም ነበር። የጥድ ሳንቃ መሆኗን ያውቃል። እሳት ስለኩስ ፊቴ ቆሞ እጁን ዘረጋ። ‹ሌላ ነገር አድርግ፣ እሷን አትንካ› አለኝ። በእጁ እሳቱን ይመታል! መቅረዙን ያነሣሁት ለዚያ ነው። እኛ ያሠራናት መሆኗን እያወቀ ይሰግድላታል! እብድ ነው።»

ሞሪጂ ካቴናውን ሲያስገባላቸው ጠበቅ አደረገው፤ አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ።

*

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ቴንካን ለቀቅሁት። ኤሊጆ ያን ዕለት ጠዋት ዓይኑን ገልጦ ውሃ ጠይቋል። ሐኪሙ ይተርፋል አለ። ሲድን ከእኔ ጋር የሚነጋገረው ነገር ነበረው፤ ግን አልቸኮልኩም።

ቴንካ የሰጠው ቃል ላይ ፈረመ። ጋዜጠኞች ገና አልሰሙም። ከታች ቫልቱርኖና ጓደኞቹ ባንዲራ ይዘው ቆመዋል። ለጀግናቸው ግጥም እያነበቡ ነበር።

«ጀርባ በር አለ» አልኩት። «ወደ ቦዩ ያወጣል። ጋዜጣው እስኪወጣ አንድ ቀን ታገኛለህ። ወደ ሌላ ከተማ ሄደህ እንደገና መጀመር ትችላለህ።»

ክራባቱን አስተካከለ።

«እርስዎ ቢሆኑ በየትኛው ይወጣሉ?»

«እኔ ሥዕል አልሠራም።»

የፊት ለፊቱን በር ራሱ ከፈተው። ተከትዬው ደፉ ላይ ቆምኩ። ጭብጨባው ሲነሣ እርግብ ሁሉ በረረ። ቫልቱርኖ እጁን ዘርግቶ መጣ።

«ፈቱህ! ፈሩን! ንገራቸው ቴንካ፣ እንዴት እንዳቃጠልካት ንገራቸው!»

ቴንካ ደረጃው ላይ ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«አላቃጠልኳትም» አለ። «የሣልኳት እኔ ነኝ።»

ባንዲራ የያዘው ልጅ ባንዲራውን ዝቅ አደረገ። ቫልቱርኖ እጁ እንደተዘረጋ ቀረ፤ በኋላ ኪሱ ከተተው።

«እመቤት? አንተ?»

«አዎ፣ እኔ። ከእነሕፃኗ። እስካሁን ከሠራሁት ሁሉ እሷ ትበልጣለች።»

ከዚያ በመካከላቸው አልፎ፣ ኮፍያውን ሳያደርግ፣ ወደ ሆስፒታሉ በሚወስደው መንገድ ሄደ። ቀስ ብሎ ነበር የሚራመደው።